ሌንሱ ካቆመበት ወዲያ፦ የሚያበሩ ናኖ ቅንጣቶች በሕዋስ ምርመራ

ከመተማና ከሑመራ የሰሊጥ እርሻዎች ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ፣ ክብደቱ ቀንሶ ጎንደር የሚደርስ የቀን ሠራተኛ በካላዛር ሲጠረጠር፣ ከጣፊያው ወይም ከመቅኔው በመርፌ የሚወሰደው ናሙና በስላይድ ላይ ተቀብቶ በጊምሳ ይቀለማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የዓይን ሥራ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ መቶ ጊዜ በሚያጎላው የዘይት ሌንስ ሥር ስላይዱን እየገፋች ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር የሚሆኑ ሞላላ አካላትን ትፈልጋለች። በውስጣቸው አንድ ተለቅ ያለ ነጥብ፣ ከአጠገቡም እንደ ዘንግ የቀጠነች ሌላ ነጥብ ካየች፣ የመጀመሪያው ኒውክለስ፣ ሁለተኛዋ ኪኔቶፕላስት (የተሕዋሱ ልዩ የዘረመል ቋጠሮ) መሆናቸውን ታውቃለች፤ ተሕዋሱም ሌሽማኒያ ነው። በአንድ እይታ ውስጥ ስንት እንዳየች ቆጥራም እስከ 6 ፕላስ በሚደርስ መለኪያ ትመዘግባለች።

ለሕክምና ውሳኔ ይህ በቂ ነው። ለምርምር ግን ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተሕዋሱ የሚኖረው በሽታን እንዲዋጋ በተፈጠረው በማክሮፋጅ ሕዋስ ሆድ ውስጥ ነው። እዚያ በከበበው ከረጢት ግድግዳ ላይ ምን ምን ፕሮቲኖች እንደሚሰለፉ፣ መድኃኒቱ ከረጢቱን አልፎ ተሕዋሱ ዘንድ ይድረስ ወይስ በሕዋሱ ሌላ ጥግ ይቅር፣ ከሕክምና በኋላ የሚቀሩት ጥቂት ተሕዋስያን የት እንደሚሸሸጉ በዚያው ማይክሮስኮፕ መመለስ አይቻልም። ሌንሱ ስላረጀ አይደለም፤ አዲስ ሌንስ ቢገዛም እንዲሁ ነው።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳሳየው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በሌንስ ሲሰበሰብ ወደ አንዲት ስፋት የሌላት ነጥብ አይጠብብም፤ ቢያንስ የራሷ ስፋት ያላት የብርሃን ጠብታ ይሆናል። የጠብታዋ ስፋት የሚገኘው በግምት የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ለሌንሱ ብርሃን የመሰብሰብ አቅም እጥፍ በማካፈል ነው። 550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አረንጓዴ ብርሃንና አቅሙ 1.4 የሆነን ምርጥ የዘይት ሌንስ ብንወስድ ውጤቱ 200 ናኖሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚህ በተጠጋ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች አንድ ሆነው ይታያሉ። ማታ ከአዘዞ ወደ ጎንደር የሚመጣን መኪና ከሩቅ ያየ ሰው ሁለቱን የፊት መብራቶች እንደ አንድ መብራት ያያቸዋል፤ መኪናው ሲቀርብ ግን ይለያያሉ። በማይክሮስኮፕ ሥር መኪናው የሚቀርብበት መንገድ የለም፤ ምስሉን በኮምፒውተር ማጉላትም ብዥታውን ከማጉላት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። የኤችአይቪ ቫይረስ 120 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ከ30 አይበልጥም፤ አንድ ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ 10 ገደማ ነው። ሕይወት ዋና ዋና ሥራዋን የምትሠራው ብርሃን መለየት ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው።

የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወደዚያ ዓለም ከገባ ቆይቷል፤ ነገር ግን ናሙናው በአብዛኛው የሞተ፣ የደረቀ ወይም በበረዶ የጠጠረ፣ በስሱም የተቆረጠ መሆን አለበት፤ የትኛው ጥላ የትኛው ፕሮቲን እንደሆነም በራሱ አይናገርም። የሚፈለገው ሕያው ሕዋስን እያዩ፣ ከሺህ ዓይነት ፕሮቲን መካከል አንዱን ብቻ ነጥሎ ማብራት ነው። ለዚህ ነው በሕዋሱ ውስጥ የሚተከለው የሚያበራ ጠቋሚ የነገሩ መካከል የሆነው።

የአቤ ወሰን የታለፈው ሕጉ ተሽሮ አይደለም፤ በዙሪያው ተዙሮ ነው። ሽቴፋን ሄል በ1994 ያቀረበውና በ2000 በተግባር ያሳየው ዘዴ ሁለት ሌዘሮችን ይጠቀማል፦ አንደኛው ጠቋሚዎቹን ሲያበራ፣ ሁለተኛው እንደ ቀለበት መሀሉ ክፍት ሆኖ በዙሪያ ያሉትን ያጠፋቸዋል፤ በርቶ የሚቀረው የመሀሉ ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ሁለተኛው መንገድ በ2006 በኤሪክ ቤትዚግና ባልደረቦቹ፣ በዚያው ዓመትም በሻውዌ ዡዋንግ ቡድን የታየው ነው። (ቤትዚግ ዩኒቨርሲቲና ቤተ ምርምርን ትቶ በአባቱ የማሽን ፋብሪካ ሲሠራ ከርሞ ነበር፤ የመጀመሪያውን መሣሪያ ከጓደኛው ከሃራልድ ሄስ ጋር የገጣጠመው በሄስ ቤት ሳሎን ውስጥ መሆኑ ለእኛ አገር ተመራማሪ ሳያጽናና አይቀርም።) ሄል፣ ቤትዚግ፣ እንዲሁም የአንዲት ሞለኪዩልን ምልክት በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው ዊልያም ሞርነር በ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

ሁለተኛውን መንገድ ከጎሃ ተራራ ላይ ሆኖ መረዳት ይቻላል። ማታ ከዚያ ቁልቁል ከተማዋን ለሚያይ ሰው የአንድ ሰፈር መብራቶች ተደባልቀው አንድ ጸዳል ይሆኑበታል፤ ቤት ከቤት አይለይም። መብራት ጠፍቶ አንድ ሰው ብቻ ባትሪ ቢያበራ ግን፣ ብርሃኑ ከሩቅ የደበዘዘ ቢሆንም እንኳ መሀሉ የት እንደሆነ በትክክል መገመት ይቻላል። እርሱ አጥፍቶ ሌላው ቢያበራ የሁለተኛውም ቦታ እንዲሁ ይታወቃል። የእያንዳንዱን መሀል በካርታ ላይ እየነጠቡ ያደሩ እንደሆነ፣ ሲነጋ የሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ተለይተው ይገኛሉ። መብራት መጥፋቱ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለበጎ ሆነ ማለት ነው። በሕዋስ ውስጥም የሚደረገው ይኸው ነው፦ ጠቋሚዎቹ ተራ በተራ እንዲበሩና እንዲጠፉ ይደረጋል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ይነሳሉ፣ ኮምፒውተር የእያንዳንዱን ብልጭታ መሀል ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የቀረው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ነው። የብልጭታውን መሀል የምንስትበት መጠን የሚቀንሰው ከእርሱ በተሰበሰቡት ፎቶኖች (የብርሃን ነጠላ እሽጎች) ቁጥር ሳይሆን በቁጥሩ ካሬ ሥር ልክ ነው። 200 ናኖሜትር ከምትሰፋ ጠብታ 100 ፎቶን ቢሰበሰብ ስሕተቱ ከ20 ናኖሜትር በታች ይወርዳል፤ ከ2 ናኖሜትር በታች እንዲወርድ ከተፈለገ ግን 10,000 ፎቶን ያስፈልጋል፤ ያውም የካሜራው ጫጫታና የናሙናው መንቀጥቀጥ ሳይጨመርበት ነው። አሥር እጥፍ ጥራት መቶ እጥፍ ብርሃን ይጠይቃል። አንድ የተለመደ ኦርጋኒክ ቀለም ሞለኪዩል ደግሞ ነጥቶ ለዘለዓለም ከመጥፋቱ በፊት በዕድሜው ሁሉ የሚሰጠው ከመቶ ሺህ እስከ ሚሊዮን ፎቶን ነው፤ ማይክሮስኮፑ የሚይዘው ከዚያ ጥቂቱን ብቻ ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ከጄሊፊሽ ያገኘውና በኋላ የሕዋስ ጥናትን የለወጠው አረንጓዴ ፕሮቲን ደግሞ ከምርጦቹ ቀለሞች እንኳ ቀድሞ ይነጣል። ስለዚህ ዛሬ የምስሉን ጥራት የሚወስነው በአብዛኛው ሌንሱም ካሜራውም አይደለም፤ ጠቋሚው ምን ያህል ያበራል፣ ምን ያህል ይቆያል፣ የት ይለጠፋል የሚለው ነው። በእኔ እምነት ከጎንደር ሆኖ ይህን ዘርፍ ለሚመለከት ሰው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ጠቋሚው እንደ ሌዘሩ መሣሪያ ከውጭ ካልተገዛ የማይገኝ ነገር አይደለምና።

ከሚያበሩት ናኖ ቅንጣቶች መካከል ቀድሞ ወደ ሕዋስ ምርመራ የገባው ኳንተም ዶት ነው። ከካድሚየም ሴሌናይድ ወይም ከመሰሉ ግማሽ አስተላላፊ ቁስ የተሠራ፣ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚሰፋ ክሪስታል ነው። አስገራሚነቱ ቀለሙን የሚወስነው የተሠራበት ቁስ ብቻ ሳይሆን መጠኑም መሆኑ ነው። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ነው ያለው፤ አዝማሪው ጣቱን ባወረደ ቁጥር የሚርገበገበው ክፍል ያጥርና ድምፁ ይቀጥናል። በኳንተም ዶት ውስጥ የታሰረው ኤሌክትሮንም እንደዚያ ነው፦ ክፍሉ ሲጠብበት የሚለቀው ብርሃን ኃይሉ ይጨምራል፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ያው ካድሚየም ሴሌናይድ 2 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን ወደ ሰማያዊ፣ 6 ሲሞላ ወደ ቀይ ያበራል። አሌክሲ ኤኪሞቭ በ1981 በሶቪየት ኅብረት የመዳብ ክሎራይድ ክሪስታሎች በተቀላቀሉበት ባለቀለም ብርጭቆ ውስጥ፣ ሉዊስ ብሩስ በ1983 በአሜሪካ በፈሳሽ ውስጥ በሚንሳፈፉ ቅንጣቶች ላይ ይህን አሳዩ፤ ሙንጊ ባዌንዲ ደግሞ በ1993 መጠናቸው እኩል የሆኑ ጥራት ያላቸው ቅንጣቶችን የማምረቻ ዘዴ አገኘ። ሦስቱም በ2023 ኖቤል ተሸልመዋል።

በ1998 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች እነዚህን ቅንጣቶች ለሥነ ሕይወት ምልክትነት ሲያቀርቡ ብዙዎችን የሳበው በአንድ መብራት ብዙ ቀለም ማብራት መቻሉ ነበር። የአንዱ ቀለም ከሌላው ሳይደባለቅ ሦስት አራት ዓይነት ፕሮቲኖችን በአንድ ሕዋስ ውስጥ ለይቶ ማየት ይቻላል። እኔ ግን የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለጽናታቸው ነው። በ2003 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በነርቭ ሕዋስ ገጽ ላይ ያሉ የግላይሲን ተቀባዮችን እያንዳንዳቸው ላይ ኳንተም ዶት ለጥፈው ሲንቀሳቀሱ ለደቂቃዎች ተከታትለዋቸዋል፤ ተራ ቀለም ቢሆን ኖሮ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋ ነበር። ኳንተም ዶት አንድ ግልጽ ጉድለት አለው፤ ያለማቋረጥ አያበራም፤ በራሱ ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። አንዲትን ቅንጣት ለሚከታተል ይህ ፈተና ነው። በ2009 ግን ይኸው ጉድለት ተገልብጦ መሣሪያ ሆነ። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ቅንጣቶች ብልጭታቸው ስለማይገጥም፣ በተከታታይ በተነሱ ምስሎች ላይ የብርሃኑን መዋዠቅ በሂሳብ በመተንተን ብቻ ከአቤ ወሰን በታች መለየት ተቻለ። ለዚህ የሚያስፈልገው ተራ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ (በናሙናው ላይ ያለው ጠቋሚ የሚሰጠውን ብርሃን የሚያሳይ)፣ ጥሩ ካሜራና ኮምፒውተር ነው።

ካድሚየም መርዝ መሆኑ ግን የሚሸፋፈን አይደለም። ቅንጣቱ በዚንክ ሰልፋይድ ካልተለበጠ፣ ወይም ልባሱ በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በኦክስጅን ከተበላ፣ የካድሚየም አዮን ወደ ሕዋሱ ይፈስሳል። በስላይድ ላይ በሞተ ናሙና ለሚሠራ ምርመራ ይህ ያን ያህል አያስፈራም፤ ለሕያው ሕዋስ ጥናት ግን ውጤቱን ያዛባል፤ የላቦራቶሪው ቆሻሻ የት ይደፋል የሚለውም ጥያቄ ይከተላል። ከኢንዲየም ፎስፋይድ የሚሠሩት ከካድሚየም ነፃ የሆኑ ቢሆንም የብርሃናቸው ቀለም እንደ ካድሚየሞቹ የጠራ አይደለም።

መርዝ የማያሰጋው፣ የማይነጣውም ናኖ አልማዝ ነው። በአልማዙ ክሪስታል ውስጥ በአንድ ካርቦን ቦታ ናይትሮጅን ገብቶ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ሲቀር፣ ያ ጉድለት አረንጓዴ ብርሃን ሲያገኝ ቀይ ያበራል፤ ስንት ጊዜ ቢበራም አይሰለችም። የሄልን ቀለበት የሚመስል ኃይለኛ ሌዘር ተራ ቀለምን ቶሎ ሲያነጣ ይህን ግን አያነጣውም፤ በ2009 በአልማዝ ክሪስታል ውስጥ ከ10 ናኖሜትር በታች መለየት የተቻለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ብርሃኑ በ2.87 ጊጋኸርዝ አካባቢ ላለ ማይክሮዌቭ የሚሰጠው ምላሽ እንደ ሙቀቱ ስለሚለዋወጥ፣ በ2013 በሕያው የሰው ሕዋስ ውስጥ እንደ ቴርሞሜትር አገልግሏል። ችግሩ ቅንጣቱ ሲያንስ የሚያበራው ጉድለት አብሮ የመጥፋት ዕድሉ መጨመሩ፣ ቅርጹም እንደ ጠጠር ወጣ ገባ መሆኑ ነው።

ስለ ሦስተኛው ዓይነት ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ሰማያዊ ወይም አልትራቫዮሌት ብርሃን በሥጋ ላይ ስናበራ፣ ከጠቋሚያችን ቀድሞ የሚያበራው ሥጋው ራሱ ነው፤ ኮላጅኑም፣ በሕዋሱ ውስጥ ያሉት ፍላቪኖችም ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣሉ። ከጣፊያና ከቆዳ በሚወሰድ ናሙና ላይ ይህ ጀርባ ብርሃን ደካማውን ምልክት ይውጠዋል። ይተርቢየምና ኤርቢየም፣ ወይም ይተርቢየምና ቱሊየም የተጨመረባቸው የሶዲየም ይትሪየም ፍሎራይድ ቅንጣቶች ግን ነገሩን ይገለብጡታል፦ ዓይን የማያየውን 980 ናኖሜትር ታኅታይ ቀይ ብርሃን ደጋግመው ይውጡና ኃይሉን አጠራቅመው አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ አድርገው ይመልሱታል። ዝቅተኛውን ወደ ከፍተኛ መለወጥ ሥጋ የማይችለው ሥራ በመሆኑ፣ የሚታየው ብርሃን ሁሉ ከቅንጣቱ ብቻ የመጣ ነው። ከማይክሮስኮፕ ውጭ ይህ ጠባይ ሥራ ላይ ውሏል፤ የብልሃርዚያ ተሕዋስ በደም ውስጥ የሚለቀውን ጥቂት አንቲጅን የሚፈልግ፣ በኔዘርላንድስ የላይደን ተመራማሪዎች ያዳበሩት የወረቀት ምርመራ የተመሠረተው ይህ ጠባይ ባላቸው ቅንጣቶች ላይ ነው። ሳንጃና የጣና ዳርቻ ብልሃርዚያን በሚገባ የሚያውቁ አካባቢዎች ናቸውና፣ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

በማይክሮስኮፕ በኩል ደግሞ በ2017 ቱሊየም በብዛት የተጨመረባቸው እነዚህ ቅንጣቶች የሄልን ዘዴ በእጅጉ ባነሰ የሌዘር ኃይል አስችለው 28 ናኖሜትር ደረሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ2021 የታየው ነው። ቱሊየም ብቻ የተጨመረባቸው አንዳንድ ቅንጣቶች የሌዘሩ ኃይል ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ብርሃናቸው እንደ ናዳ በድንገት ይበዛል፤ ጭማሪው ከ20 በላይ በሆነ የኃይል አርቢ ይሄዳል። ሌዘሩ በ10 በመቶ ብቻ ቢጨምር የቅንጣቱ ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ያድጋል። የሌዘር ጠብታ መሀሏ ላይ ብሩህ፣ ዳርዳሯ ላይ ደብዛዛ ስለሆነች፣ ናዳውን የሚቀሰቅሰው መሀሏ ብቻ ይሆናል። ያለ ሁለተኛ ሌዘር፣ ያለ ቀለበት፣ ያለ ሂሳብ ትንተና፣ በአንድ ተራ የቅኝት ሌዘር ከ70 ናኖሜትር በታች መለየት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በማሽኑ ላይ የነበረው ሸክም ወደ ቅንጣቱ ተዛወረ ማለት ነው። ዋጋው ትዕግሥት ነው፤ ናዳው እስኪነሳ ጊዜ ስለሚወስድ ቅኝቱ ቀርፋፋ ነው፤ ፈጥኖ ለሚንቀሳቀስ ነገር አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ርካሹና ለአገር ውስጥ ላቦራቶሪ ቅርብ የሚመስለው የካርቦን ዶት ነው። በ2004 የካርቦን ናኖ ቱቦዎችን ጥላሸት ሲያጣሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ሳይፈልጉት ያገኙት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከብርቱካን ጭማቂ እስከ ቡና አተላ ከብዙ ነገር ተሠርቷል። ፈሳሹን በተዘጋ የብረት ዕቃ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ማብሰል ይበቃል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ የሚያበራ ብልቃጥ ይዞ ፎቶ መነሣት ስለዚህ ቀላል ሆኗል፤ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለ የምርምር ወረቀት ጎርፍ ሆኖ ይወጣል። እኔ በዚህ ጎርፍ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። ከሲትሪክ አሲድና ከኤቲሊንዲያሚን የሚሠራው ታዋቂው ዓይነት ላይ እንደታየው፣ ብርሃኑ በአብዛኛው የሚመጣው ከቅንጣቱ ሳይሆን በማብሰሉ ወቅት ከተፈጠረ ተራ ትንሽ ሞለኪዩል ሊሆን ይችላል። ፈሳሹን በማጣሪያ ሽፋን ለቀናት አጥቦ፣ በሽፋኑ አልፎ የወጣውንና የቀረውን ለየብቻ ያልለካ ሰው ናኖ ቅንጣት ሠራሁ ማለቱ ችኮላ ነው። የብዙዎቹ ብርሃንም ሰፊና ሰማያዊ ነው፤ ይህም ሥጋው ራሱ በሚያበራበት ክልል ውስጥ ይወድቃል።

ማብራት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ በሚፈለገው ቦታ ላይ፣ በዚያም ላይ ብቻ እንዲለጠፍ ማድረግ ነው። እርቃኑን ያለ ቅንጣት ደም ወይም የሕዋስ ፈሳሽ ሲነካ በቅጽበት በፕሮቲኖች ይለበሳል፤ ሕዋሱም የሚያየው ልብሱን እንጂ ቅንጣቱን አይደለም። ይህን ለመከላከል ፖሊመር ይለበጥበታል፣ በላዩ ፀረ እንግዳ አካል ይለጠፍበታል። መሀሉ 6 ናኖሜትር የነበረው ኳንተም ዶት ተለብጦና ተሸልሞ ከ20 ናኖሜትር ያልፋል። ጋቢ የተከናነበን ሰው ከሩቅ የሚስል ሠዓሊ የሚስለው ጋቢውን ነው፤ የብርሃኑ ምንጭ ከፕሮቲኑ 15 እና 20 ናኖሜትር ርቆ ሲቆም 10 ናኖሜትር የሚለይ ማይክሮስኮፕ የሚሰጠን በትክክል የተለካ የተሳሳተ ቦታ ነው። ትልቅ ጠቋሚ የተሸከመ ፕሮቲንም እንደ ወትሮው አይሄድም። ለዚህ ነው ዛሬ ትኩረቱ እንደ ፀረ እንግዳ አካል ሆነው መጠናቸው ግን በእጅጉ ባነሰ ማያያዣዎች ላይ የሆነው።

ለካላዛር ምርምር ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። ማክሮፋጅ ሥራው የባዕድ ቅንጣትን መዋጥ ነው፤ የምንጨምርበትን ማንኛውንም ናኖ ቅንጣት ሳያስቸግረን ይውጠዋል። የዋጠውም ወደ አሲዳማው የመፍጫ ከረጢት ይሄዳል፤ ሌሽማኒያም የሚኖረው በዚያው ዓይነት ከረጢት ውስጥ ነው። እንግዲህ ምንም ያልተለጠፈበት፣ ሌሽማኒያን የማያውቅ ቅንጣት እንኳ በተሕዋሱ ዙሪያ ሲያበራ ይታያል፤ ምስሉም ያምራል፤ «ጠቋሚያችን ተሕዋሱን አገኘ» የሚል ርእስ ለመስጠትም ያባብላል። ያልተጠቃ ማክሮፋጅ፣ ፀረ እንግዳ አካል ያልተለጠፈበት ቅንጣት፣ እንዲሁም ከማክሮፋጅ ውጭ ብቻውን ያደገ ተሕዋስ ጎን ለጎን ካልታዩ ያ ምስል ማስረጃ አይሆንም። ይኸው የመዋጥ ጠባይ በሌላ በኩል መድኃኒት ሆኗል፦ በጎንደር ኤችአይቪና ካላዛር አብረው ለያዟቸው ሕሙማን በደም ሥር የሚሰጠው የሊፖሶም አምፎቴሪሲን መድኃኒቱን የሚሸከመው ከ100 ናኖሜትር በታች በሆኑ የስብ ጠብታዎች ውስጥ ነው፤ ጠብታዎቹን የሚውጣቸውም ያው ማክሮፋጅ ነው። ናኖ ቅንጣት በዚህች ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠብታዎቹ ከተዋጡ በኋላ ምን ያህሉ የተሕዋሱ ከረጢት እንደሚደርስ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ማየት ለደማቅና ለማይነጣ ጠቋሚ የሚገባ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ዋጋው በዶላር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር፣ የሙቀት መጠኑ በማይዋዥቅ ክፍል የሚቀመጥ፣ ሌዘሩ ሲበላሽ ባለሙያ በአውሮፕላን የሚጠራለት መሣሪያ ከመግዛት መጀመር የተሳሳተ ቅደም ተከተል ይመስለኛል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ከደምቢያው የወባ ወረርሽኝ ማግስት ሲቋቋም የተነሳው በእጅ ባለው መሣሪያ ወደ ገጠር የሚወርድ ባለሙያ ከማፍራት ነበር። ዛሬም በእጅ ያለ መሣሪያ አለ፤ በቲቢ ላቦራቶሪዎች የሚገኘው በኤልኢዲ የሚሠራ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የእነዚህ ሁሉ የሩቅ ዘመድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ይህን ማይክሮስኮፕ ለአክታ ምርመራ በነባሩ ዘዴ ምትክ እንዲተከል መክሯል፤ ኦራሚን በተባለው ቀለም የተነከረው ባሲል (የቲቢው ተሕዋስ) በጥቁር ጀርባ ላይ ስለሚያበራ ባነሰ ማጉላት፣ ባነሰ ጊዜ ይገኛል። የባሲሉን ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የመጀመሪያውን ምርመራ ከተረከበ በኋላም፣ የሞተ ባሲልን ቅሪት ከሕያው ስለማይለይ፣ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን የመከታተሉ ሥራ በማይክሮስኮፕ ላይ ቀርቷል። ኦራሚን ግን ይነጣል። ለጥራት ቁጥጥር ስላይዶች ተሰብስበው በሌላ ባለሙያ ዳግም ሲነበቡ፣ በመጀመሪያው ቀን አዎንታዊ የነበረው ስላይድ ደብዝዞ አሉታዊ ሊመስል ይችላልና እንደገና መንከር ይጠይቃል፤ ስሕተቱ የአንባቢው ይሁን የቀለሙ ለማወቅም ያስቸግራል። ከወር በኋላም እንደ መጀመሪያው ቀን የሚያበራ ጠቋሚ እዚህ ላይ ለመሞከር ሱፐር ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በሰም የተሸፈነውን የባሲሉን ግድግዳ የሚይዝ ማያያዣ፣ የቅንጣቱን መጠን የሚለካ መሣሪያ፣ ከባሲሉ ውጭ ባለው የአክታ ዝልግልግ ላይ ምን ያህል እንደሚለጠፍ የሚቆጥር ታጋሽ ዓይን፣ እንዲሁም በኦራሚንና በአዲሱ ጠቋሚ ተነክረው፣ የትኛው በየትኛው እንደተነከረ ለአንባቢው ሳይነገር በአንደኛው፣ በሰባተኛውና በሠላሳኛው ቀን የሚነበቡ ጥንድ ስላይዶች ናቸው።